የማርጋሬት ታቸርን የምርጫ ሪከርድ ከ1950 እስከ 1990 እንዴት ሰብስበን እናንብበው? ዝርዝር መመሪያ

አንድ የሀገር መሪ በምርጫ ምን ያህል ጠንካራ ነበር ሲባል ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ አንድ መስመር ነው። "ታቸር ሶስት ጊዜ አሸንፈዋል"፣ በቃ። ልክ ነው፣ የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ታቸር በ1979፣ በ1983 እና በ1987 (ሁሉም እ.ኤ.አ.) የመሩት የወግ አጥባቂ ፓርቲ አሸንፏል። ግን የእሳቸው ሪከርድ የሚጀምረው 1979 ላይ አይደለም፣ ከዛ በፊት ሁለት ጊዜ ተሸንፈዋል፣ በገዛ ፓርቲያቸው ውስጥ አራት ዙር ድምፅ ተሰጥቶባቸዋል፣ ከስልጣን የወረዱትም ተፎካካሪያቸውን በ52 ድምፅ በልጠው እያለ ነው። ይሄን ሁሉ ጎን ለጎን ሳያስቀምጡ ስለ ታቸር ጥንካሬ ወይም ድክመት መከራከር ከንቱ ድካም ነው፣ ሁለቱም ወገን የሚመቸውን ቁጥር ብቻ መዞ ይጮሃል።

ስለዚህ እዚህ የምናደርገው ሪከርዱን ከዜሮ ተነስተን በራሳችን ቴብል መስራት ነው። ኤክሴል ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም ደብተርና ካልኩሌተር ይበቃል። አካሄዱን ከያዛችሁት ለሌላ የፓርላማ ሀገር መሪም ይሰራል፣ ታቸርን የመረጥኩት ግን በእሳቸው ታሪክ ውስጥ ቁጥር አንባቢን የሚያሳስትባቸው መንገዶች ሁሉም ማለት ይቻላል ስላሉ ነው።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ "ድምፁን የሰጠው ማነው?" በሉ

ብሪታንያ ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር የሚል የድምፅ መስጫ ወረቀት የለም። መራጩ በሚኖርበት የምርጫ ክልል ከቀረቡት እጩዎች አንዱን ይመርጣል፣ ክልሉ ውስጥ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሰው ፓርላማ ይገባል (ግማሽ ማለፍ አይጠበቅበትም፣ ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ ነው)፣ ከዛ በታችኛው ምክር ቤት አብላጫ መቀመጫ የያዘው ፓርቲ መሪ መንግስት ይመሰርታል። የፓርቲው መሪ ደግሞ በታቸር ዘመን የሚመረጠው በፓርቲው የፓርላማ አባላት ብቻ ነበር።

ከዚህ ተነስታችሁ ሶስት የተለያዩ ቴብሎች ክፈቱ። አንደኛው እሳቸው በስማቸው የተወዳደሩበት የምርጫ ክልል፣ ሁለተኛው የወግ አጥባቂ ፓርቲ የመሪነት ምርጫ፣ ሶስተኛው እሳቸው መሪ ሆነው ፓርቲው በሀገር ደረጃ ያመጣው ውጤት። እነዚህን ሶስቱን በፍፁም አንድ ላይ አትደባልቁ! በመጀመሪያው ድምፅ የሰጠው የአንድ አካባቢ ነዋሪ ነው፣ በሁለተኛው ከ400 ያነሱ ፖለቲከኞች ናቸው፣ በሶስተኛው ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። "ታቸር 54 ፐርሰንት አገኙ" የሚል ፅሁፍ ብታዩ እንግዲህ የትኛውን ነው የምትሉት? በ1987 ፊንችሊ በሚባለው ክልላቸው 53.9 አግኝተዋል፣ በ1990 የመሪነት ምርጫ 54.8 አግኝተዋል፣ በሀገር ደረጃ ግን ፓርቲያቸው በእሳቸው መሪነት 44 እንኳን ደርሶ አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ኮለሞቹና የዘመን አቆጣጠሩ

ለእያንዳንዱ ረድፍ የሚያስፈልጋችሁ፦ ሙሉ ቀን (ዓመት ብቻ አይበቃም)፣ ወረቀቱ ላይ የነበረው ስም፣ ያገኙት ድምፅ፣ ጠቅላላ ዋጋ ያለው ድምፅ፣ ሁለተኛ የወጣው ሰው ድምፅ፣ ልዩነት፣ ፐርሰንት፣ እና አንድ ሰፊ የማስታወሻ ኮለም። ፐርሰንቱን ከሌላ ቦታ አትገልብጡ፣ ራሳችሁ አስሉት፣ ምክንያቱም ሰው የፃፈውን ፐርሰንት ስትወስዱ ምን ለምን እንዳካፈለ አታውቁም።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። እዚህ ያለው ዓመት በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው፣ እኔም እንደዛው እንድትተዉት እመክራለሁ። ለምን ካላችሁ፣ የ1987ቱ ምርጫ ጁን 11 ነው የተደረገው፣ ወደኛ ስትመልሱት 1979 ይሆናል፣ 1979 ደግሞ በእነሱ አቆጣጠር መጀመሪያ ያሸነፉበት ዓመት ነው! የ1983ቱም ወደኛ ሲመጣ 1975 ነው፣ 1975 በእነሱ ደግሞ የፓርቲ መሪ የሆኑበት ዓመት ነው። አንዱን ቀይራችሁ ሌላውን ከተዋችሁት ሪከርዱ በሙሉ ይዘበራረቃል። ሌላም አለ፣ በ1974 ሁለት ጠቅላላ ምርጫ ነበር፣ ፌብሩዋሪ 28 እና ኦክቶበር 10፣ በኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው 1966 ላይ ሁለተኛው 1967 ላይ ስለሚወድቁ በአንድ ዓመት ሁለቴ መመረጣቸው ጭራሽ አይታይም። የግድ በኛ መፃፍ ካለባችሁ ሌላ ኮለም ጨምሩና ሁለቱንም አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ የተሸነፉበትን በሌላ ስም ፈልጉ

"ታቸር" ብላችሁ ብቻ ከፈለጋችሁ ሪከርዱ 1959 ላይ ይጀምርላችኋል። ዴኒስ ታቸርን ያገቡት በዲሴምበር 1951 ነው፣ ከዛ በፊት ማርጋሬት ሮበርትስ ነበሩ፣ ስለዚህ ሁለቱ የመጀመሪያ ምርጫዎች የተመዘገቡት በሮበርትስ ስም ነው። ይሄ ነገር ለሴት መሪዎች ሁሉ የሚሰራ ነው፣ ከትዳር በፊት የነበረውን ስም ሳትፈልጉ ቴብሉን አትዝጉ።

ቦታው ዳርትፎርድ ነው፣ ከለንደን ወደ ምስራቅ ሄድ ብሎ ኬንት ውስጥ ያለ፣ የወግ አጥባቂዎቹ ዋና ተፎካካሪ ሌበር ፓርቲ ጠንካራ የነበረበት ክልል። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1950 የሌበሩ ኖርማን ዶድስ 38,128 ሲያገኙ እሳቸው 24,490 አገኙ፣ በ13,638 ተሸነፉ። ኦክቶበር 25 ቀን 1951 እንደገና ሞከሩ፣ ዶድስ 40,094 እሳቸው 27,760፣ ልዩነቱ 12,334።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው "ሁለቴ ወደቁ" ብሎ ያልፈዋል፣ እኔ ግን ቆም በሉ እላለሁ። 24 ዓመት ከምናምን ሆነው ሊያሸንፉት በማይችሉት ክልል ገብተው በ20 ወር ውስጥ ድምፃቸውን በ3,270 ጨምረዋል፣ ልዩነቱንም በ1,304 አጥብበዋል። ነገር ግን ማስታወሻ ኮለም ላይ አንድ ነገር ፃፉ፦ በ1950 ሶስተኛ እጩ ነበር፣ 5,011 ድምፅ ያገኘ የሊበራል ፓርቲ ሰው፣ በ1951 ግን ሊበራሎቹ እዛ አልተወዳደሩም። ስለዚህ የእሳቸው ፐርሰንት ከ36.2 ወደ 40.9 ያደገው በራሳቸው ጥረት ነው ወይስ የሊበራሉ ድምፅ ተከፋፍሎ መጣ የሚለውን ቁጥሩ ብቻውን አይነግራችሁም። የእጩዎች ቁጥር ሲቀየር ፐርሰንትን ከፐርሰንት ማወዳደር አደጋ አለው፣ ሁልጊዜ ስንት ሰው ተወዳደረ ብላችሁ እዩ።

በ1955ቱ ጠቅላላ ምርጫ እጩ አልነበሩም። ባዶ ረድፍ አስቀምጡለት፣ አትዝለሉት፣ አለመወዳደርም የሪከርድ አካል ነው።

ደረጃ 4፦ ፊንችሊ፣ ዘጠኙ ምርጫዎች

ፊንችሊ ሰሜን ለንደን ነው። ከ1959 ጀምሮ እስከ 1987 ዘጠኝ ጊዜ ተወዳድረው ዘጠኙንም አሸንፈዋል። በቅደም ተከተል ያገኙት ድምፅ፣ ፐርሰንትና ከሁለተኛው የነበረው ልዩነት ይሄ ነው፦

ኦክቶበር 1959፦ 29,697፣ 53.2%፣ ልዩነት 16,260
ኦክቶበር 1964፦ 24,591፣ 46.6%፣ ልዩነት 8,802
ማርች 1966፦ 23,968፣ 46.5%፣ ልዩነት 9,464
ጁን 1970፦ 25,480፣ 53.8%፣ ልዩነት 11,185
ፌብሩዋሪ 1974፦ 18,180፣ 43.7%፣ ልዩነት 5,978
ኦክቶበር 1974፦ 16,498፣ 44.0%፣ ልዩነት 3,911
ሜይ 1979፦ 20,918፣ 52.5%፣ ልዩነት 7,878
ጁን 1983፦ 19,616፣ 51.1%፣ ልዩነት 9,314
ጁን 1987፦ 21,603፣ 53.9%፣ ልዩነት 8,913

አሁን ይሄን ዝርዝር ጎግል ላይ እንዳገኛችሁት ብታነቡት "በ1959 ወደ 30 ሺ ሰው መርጧቸው ነበር፣ በ1987 ወደ 21 ሺ ወርደዋል፣ ሰው እየጠላቸው ሄዷል" ልትሉ ትችላላችሁ። ፐርሰንቱን ተመልከቱ ግን፣ 53.2 እና 53.9፣ እንዲያውም የ1987ቱ ትንሽ ይበልጣል። የቀነሰው ክልሉ ነው። በ1974 የምርጫ ክልሎች ወሰን እንደገና ሲሰመር ፊንችሊም ተቀይሯል፣ ድምፅ የሰጠውም ሰው አንሷል። ስለዚህ በ1970 እና በፌብሩዋሪ 1974 መካከል ወፍራም መስመር አስምሩ፣ ከመስመሩ በላይና በታች ያለውን በጥሬ ድምፅ አታወዳድሩ።

ሌላ የሚታይ ነገር፣ በ1964 ሁለተኛ የወጣው ሊበራሉ ጆን ፓርዶ ነው፣ 15,789 ድምፅ ይዞ፣ ሌበር ሶስተኛ ነበር። በሌሎቹ ስምንቱ ሁለተኛው ሌበር ነው። "ልዩነት" የሚለው ኮለም ከማን ጋር እንደሆነ ካልፃፋችሁ የ1964ቱን 8,802 ከ1966ቱ 9,464 ጋር አስተያይታችሁ በ1966 ከሌበር የበለጠ ራቁ ብላችሁ ልትፅፉ ነው፣ ውሸት ይሆናል፣ በ1964 ከሌበር ያላቸው ርቀት ከ12 ሺ በላይ ነበር።

ስለ 1970 ደግሞ ሁለት ነገር መዝግቡ። የድምፅ መስጫ እድሜ ከ21 ወደ 18 የወረደበት የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ ነው፣ በተጨማሪም ከዛ በፊት ወረቀቱ ላይ የእጩው ስምና አድራሻ እንጂ የፓርቲ ስም አይፃፍም ነበር፣ ከ1970 ጀምሮ ነው የተፈቀደው። በ1950ዎቹ ያለውን ድምፅ "ለፓርቲው የተሰጠ ነው" ብላችሁ ከመፃፋችሁ በፊት ይሄን አስቡት፣ መራጩ ስሙን አውቆ ነው የሚገባው።

ኦክቶበር 1974ን ደግሞ ቀለም ቀቡት። 3,911 በፊንችሊ ታሪካቸው ዝቅተኛው ልዩነት ነው፣ ከዛ አራት ወር ቆይተው የፓርቲው መሪ ሆኑ። በገዛ ክልላቸው በጣም የተዳከሙበት ሰዓት በፓርቲያቸው ውስጥ ደግሞ የወጡበት ሰዓት ነው። ሁለቱን ቴብል ለይታችሁ ግን ቀኑን ጎን ለጎን ካልያዛችሁ ይሄ አይታያችሁም።

ደረጃ 5፦ የፓርቲው ውስጥ ምርጫ፣ ህጉን ሳያውቁ ቁጥሩን አለመንካት

ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1975፣ የመጀመሪያ ዙር፦ ታቸር 130፣ ኤድዋርድ ሂዝ 119፣ ሂዩ ፍሬዘር 16። ሂዝ የወቅቱ መሪና የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ናቸው፣ ውጤቱን አይተው ወጡ። ፌብሩዋሪ 11 ሁለተኛ ዙር፦ ታቸር 146፣ ዊሊያም ዋይትሎው 79፣ ጄፍሪ ሃው 19፣ ጂም ፕራየር 19፣ ጆን ፔይተን 11። የፓርቲው የፓርላማ አባላት በጊዜው 276 ነበሩ፣ ግማሹን ለማለፍ 139 ይበቃል፣ አልፈዋል።

ዲሴምበር 5 ቀን 1989፦ ታቸር 314፣ አንቶኒ ሜየር 33። ይሄን ብቻ ከፃፋችሁ ከ10 ሰው 9ኙ የደገፋቸው ይመስላል። ግን መምረጥ የሚችሉት 374 ነበሩ፣ 24 ወረቀት ተበላሽቷል፣ 3 ሰው ጭራሽ አልመረጠም። ሲደመር 60 የራሳቸው ሰዎች አልደገፏቸውም ማለት ነው፣ ያውም ተፎካካሪው ብዙም የማይታወቅ የኋላ ወንበር ሰው (ሹመት የሌለው ተራ የፓርላማ አባል) ሆኖ። እኔ በዚህ ሪከርድ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ተናጋሪ ቁጥር ይሄ 60 ነው ብዬ አምናለሁ፣ ውጤቱን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ያልፈዋል፣ ምክንያቱም የትኛውም "ውጤት" ኮለም ውስጥ አይገባም፣ ቀንሶ ማግኘት ነው ያለባችሁ። ስለዚህ ለዚህኛው ቴብል "መምረጥ የሚችሉ ጠቅላላ" የሚል ኮለም ጨምሩ።

ከዛ ኖቬምበር 20 ቀን 1990፦ ታቸር 204፣ ማይክል ሄዝልታይን 152፣ ድምፅ ያልሰጡ ወይም ያበላሹ 16። ድምሩ 372። 204 ከግማሽ በላይ ነው፣ ታዲያ ለምን አላለፉም? ህጉ በመጀመሪያ ዙር ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ብቻ ሳይሆን ከሁለተኛው በላይ መምረጥ ከሚችሉት የ15 ፐርሰንት ብልጫ ይጠይቅ ነበር። አስሉት፣ የ372 15 ፐርሰንት 55.8 ነው፣ ማለትም 56 ሰው። እሳቸው የበለጡት በ52 ነው። አራት ጎደለ። ሁለት ሰው ብቻ ከሄዝልታይን ወደ እሳቸው ቢዞር 206 ለ150 ይሆንና በዛው ዙር ያልቅ ነበር። ወደ ሁለተኛ ዙር መሄድ ግድ ሆነ፣ ኖቬምበር 22 እንደሚለቁ አስታወቁ።

"ውጤት" የሚለው ኮለም ላይ ለዚህ ረድፍ "አሸነፉ" ወይም "ተሸነፉ" ብላችሁ አትሙሉት። "መሩ፣ ግን ህጉ የሚጠይቀው ብልጫ አልሞላም፣ ከሁለተኛ ዙር ራሳቸውን አገለሉ" በሉ፣ ይርዘም ግድ የለም።

ደረጃ 6፦ በሀገር ደረጃ፣ ሶስት ቁጥር ለአንድ ምርጫ

ዋናው ስራ እዚህ ጋ ነው፣ ረጋ ብላችሁ ስሩት። ለእያንዳንዱ ጠቅላላ ምርጫ ጥሬ ድምፅ፣ ፐርሰንት እና መቀመጫ የግድ ሶስቱም ያስፈልጋሉ፣ ሁለቱን ይዞ አንዱን መተው አይቻልም።

ሜይ 3 ቀን 1979፦ 13,697,923 ድምፅ፣ 43.9%፣ ከ635 መቀመጫ 339።
ጁን 9 ቀን 1983፦ 13,012,316 ድምፅ፣ 42.4%፣ ከ650 መቀመጫ 397።
ጁን 11 ቀን 1987፦ 13,760,583 ድምፅ፣ 42.2%፣ ከ650 መቀመጫ 376።

አሁን "የታቸር ትልቁ ድል የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። በመቀመጫ 1983 ነው። በፐርሰንት 1979 ነው። በጥሬ ድምፅ 1987 ነው። ሶስት መለኪያ፣ ሶስት የተለያየ መልስ! አንዱን መርጦ "ትልቁ ድል" ብሎ የሚፅፍ ሰው የትኛውን መለኪያ እንደወሰደ ካልነገራችሁ ክርክር እንጂ መረጃ አልሰጣችሁም።

ከ1979 ወደ 1983 የሆነውን በደንብ እዩት። 685,607 ድምፅ ቀንሷል፣ መቀመጫ ግን በ58 ጨምሯል። በርግጥ ጠቅላላ መቀመጫው ከ635 ወደ 650 ከፍ ብሏል፣ ስለዚህ መቀመጫንም በፐርሰንት ቀይሩት፣ 339 ለ635 ሲካፈል 53.4፣ 397 ለ650 ሲካፈል 61.1። ቢሆንም ጭማሪው በጣም ትልቅ ነው። ከየት መጣ? መልሱ የታቸር ረድፍ ላይ የለም፣ ተቃዋሚዎቹ ረድፍ ላይ ነው። በ1981 ከሌበር የተገነጠሉ ሰዎች ሶሻል ዴሞክራቲክ ፓርቲን መሰረቱ፣ ከሊበራሎቹ ጋር አሊያንስ ፈጠሩ፣ በ1983 ሌበር 27.6% አሊያንስ 25.4% አገኙ። ማለትም ታቸርን ያልመረጠው ከግማሽ በላይ የሆነ ህዝብ እኩል ሊባል በሚችል ሁኔታ ለሁለት ተከፈለ፣ በየክልሉ አንደኛ የሚወጣው ብቻ በሚያልፍበት ስርዓት ደግሞ ተቃዋሚ ሲከፈል ተጠቃሚው ማን እንደሆነ ግልፅ ነው።

ለዚህ አንድ ቀላል ስሌት ስሩ፣ የፓርቲውን ድምፅ ለመቀመጫው አካፍሉ። በ1983 ወግ አጥባቂዎቹ ለአንድ መቀመጫ ወደ 32,800 ድምፅ ነው የደረሳቸው፣ ሌበር 209 መቀመጫ ይዞ ወደ 40,500፣ አሊያንስ ደግሞ 7,780,949 ድምፅ አግኝቶ 23 መቀመጫ ብቻ፣ ለአንድ መቀመጫ ወደ 338,000! የአሊያንስ መራጭ በየቦታው ተበትኖ ሁለተኛና ሶስተኛ ይወጣ ነበር። ስለ ታቸር "ሀገሩ በሙሉ ተከተላቸው" የሚል ካያችሁ ይሄን አሳዩት፣ "ህዝብ አልፈለጋቸውም" የሚል ካያችሁ ደግሞ ሁለተኛው ፓርቲ በ1979 በ7 ነጥብ፣ በ1983 ወደ 15 ነጥብ፣ በ1987 በ11 ነጥብ ከኋላቸው እንደነበረ አሳዩት። ሁለቱም እውነት ነው።

መነሻውን አትርሱ። ሪከርዱ የሚለካው ከተረከቡት ተነስቶ ነው፣ በኦክቶበር 1974 በሂዝ መሪነት ፓርቲው ያገኘው 35.8% ነበር። ያንን ረድፍ ከላይ በሌላ ቀለም አስቀምጡት፣ "የእሳቸው አይደለም፣ ለማወዳደሪያ" ብላችሁ።

ደረጃ 7፦ ስዊንግ እና የመራጭ ብዛት

ስዊንግ ማለት ድምፅ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚለካበት ነው፣ የአንዱን ለውጥ ከሌላው ለውጥ ቀንሶ ለሁለት ማካፈል ነው። በ1979 ወግ አጥባቂ ከ35.8 ወደ 43.9፣ ማለትም 8.1 ጨመረ፣ ሌበር ከ39.2 ወደ 36.9፣ 2.3 ቀነሰ። የሌበሩ ለውጥ ከዜሮ በታች ስለሆነ መቀነሱ መደመር ይሆናል፣ 8.1 እና 2.3 ድምር 10.4፣ ለሁለት 5.2 ወደ ታቸር። በ1983 ወግ አጥባቂ 1.5 ቀንሶ ሌበር ግን 9.3 ስለቀነሰ ስዊንጉ አሁንም 3.9 ወደ ታቸር ይላል፣ እሳቸው ራሳቸው ድምፅ እየቀነሱ! ስለዚህ ስዊንግን ብቻውን አትጥቀሱ። በ1987 ወደ ሌበር 1.7 ነው።

የመራጭ ብዛቱ (ከተመዘገበው ሰው ወጥቶ የመረጠው) በ1979 76.0፣ በ1983 72.7፣ በ1987 75.3 ፐርሰንት ነው። ከተመዘገበው ሰው ስንቱ መረጣቸው የሚለውን ለማወቅ ይሄንን ከፓርቲው ፐርሰንት ጋር አባዙ፣ በቅደም ተከተል ወደ 33.4፣ 30.8 እና 31.8 ይመጣል። ይሄን ኮለም ብዙ ሰው አይሰራውም ግን ሶስቱን ምርጫ በአንድ ሚዛን ለማየት ጥሩ ነው።

ደረጃ 8፦ ጎን ያሉ ምርጫዎች

እዚህ ጋ ብዙ አትቆዩ፣ ግን ባዶ አትተዉት። ለአውሮፓ ፓርላማ ከብሪታንያ 81 መቀመጫ ነበር፣ ወግ አጥባቂዎቹ በ1979 60፣ በ1984 45፣ በ1989 32 አገኙ፣ በመጨረሻው ሌበር 45 ይዞ በልጧቸዋል። በታቸር መሪነት ፓርቲው በሀገር አቀፍ ደረጃ የተበለጠበት ምርጫ ስለሆነ መግባት አለበት።

ስኮትላንድን ለብቻ አውጡ፦ በ1979 22 መቀመጫ፣ በ1983 21፣ በ1987 10 ብቻ። የሀገሩን ድምር ብቻ ያየ ሰው የ1987ቱን እንደ ጥሩ ድል ያነበዋል፣ እዛ ግን ከግማሽ በላይ መቀመጫ ጠፍቷል።

ማሟያ ምርጫዎችን (በመሃል የተለቀቀ መቀመጫ የሚሞላባቸውን) በተመለከተ ሁሉንም መሰብሰብ አያስፈልግም፣ የታወቁትን ያዙ። በኖቬምበር 1981 ክሮዝቢ የሚባለው ክልል በሶሻል ዴሞክራቷ ሸርሊ ዊሊያምስ ተወሰደ፣ በኦክቶበር 1990 ደግሞ ኢስትቦርን የሚባለው ክልል በሊበራል ዴሞክራቶች ተወሰደ። የሁለተኛውን ቀን ልብ በሉ፣ የፓርላማ አባላቱ በመሪነት ምርጫ ከመምረጣቸው አንድ ወር በፊት ነው፣ መቀመጫችን ይጠፋል ብለው የፈሩ ሰዎች ናቸው ወደዛ ምርጫ የገቡት።

በማርች 28 ቀን 1979 የሌበሩ ጠቅላይ ሚኒስትር የካላሃን መንግስት 311 ለ310 የወደቀበትን ድምፅ ደግሞ አታስገቡ። ለታቸር በር የከፈተ ነው ግን የፓርላማ ውሳኔ እንጂ ምርጫ አይደለም፣ ማስታወሻ ላይ ይበቃዋል።

ደረጃ 9፦ ቁጥር ሲጋጭ

ሁለት ቦታ ሁለት የተለያየ ቁጥር ስታገኙ ቶሎ አንዱ ውሸት ነው አትበሉ። የ1987ቱ መቀመጫ አንድ ቦታ 375 ሌላ ቦታ 376 ይላል። ልዩነቱ አፈጉባኤው ናቸው፣ በርናርድ ዌዘሪል ወግ አጥባቂ ነበሩ፣ አፈጉባኤ ሲሆኑ ግን ከፓርቲ ውጪ ነው የሚወዳደሩት፣ አንዳንዱ ይቆጥራቸዋል አንዳንዱ አይቆጥራቸውም። በ1979 ደግሞ አፈጉባኤው ከሌበር የመጡት ጆርጅ ቶማስ ስለነበሩ የሌበር መቀመጫ 268 ወይም 269 ሆኖ ይመጣል። የጥሬ ድምፁም ትንሽ ልዩነት አንዳንዴ ከዚሁ ነው። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ለሶስቱም ምርጫ በዛው ቀጥሉ፣ ምን እንደመረጣችሁም ፃፉ።

ሌላው የግጭት ምንጭ ሰሜን አየርላንድ ናት። አንዳንዱ ፐርሰንት ለመላው ዩናይትድ ኪንግደም ነው፣ አንዳንዱ ሰሜን አየርላንድን አውጥቶ ለእንግሊዝ፣ ስኮትላንድና ዌልስ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ሁሌም ከፍ ይላል። እኔ ከላይ የሰጠኋችሁ የጠቅላላ ምርጫ ፐርሰንቶች ለመላው ሀገር ናቸው።

በዛን ጊዜ ዛሬ ያለው የብሪታንያ ምርጫ ኮሚሽን አልነበረም፣ የተቋቋመው በ2000 በወጣ ህግ ነው፣ ስለዚህ የድሮውን ውጤት ከአንድ ቢሮ የተሟላ ሆኖ አታገኙትም። የታችኛው ምክር ቤት ላይብረሪ ያሰባሰባቸው የሀገር አቀፍ ቁጥሮች አስተማማኝ ናቸው፣ የክልሉን ደግሞ የእያንዳንዱን እጩ ድምፅ ደምራችሁ ከጠቅላላው ጋር አመሳክሩ። ለምሳሌ ፊንችሊ 1959፣ 29,697 ሲደመር የሌበሩ 13,437 ሲደመር የሊበራሉ 12,701 እኩል ይሆናል 55,835። ካልመጣላችሁ አንድ አሃዝ ተገልብጧል።

ደረጃ 10፦ ቴብሉ የት ይዘጋል?

ለታቸር የመጨረሻው ረድፍ ኖቬምበር 20 ቀን 1990 ነው። ከዛ በኋላ ኖቬምበር 27 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ጆን ሜጀር 185፣ ሄዝልታይን 131፣ ዳግላስ ሄርድ 56 አግኝተዋል፣ ሜጀርም መሪ ሆነዋል። ያሸነፉት ሜጀር ታቸር ካልበቃቸው 204 ያነሰ ድምፅ ነው ያገኙት፣ በዚህኛው ዙር የ15 ፐርሰንቱ ብልጫ አይጠየቅም ነበር፣ ግማሽ ማለፍ ነው የሚፈለገው የነበረው፣ ሜጀር ለሱ ሁለት ድምፅ ቢጎድላቸውም ሁለቱ ሌሎች ወጡላቸው። ይሄ በማስታወሻ መግባት ይችላል፣ በረድፍ ግን አይገባም።

የ1992ቱም እንደዛው። ወግ አጥባቂዎቹ በዛ ዓመት ከ14 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝተው አሸንፈዋል፣ ከታቸር ሶስቱም ምርጫዎች የሚበልጥ ጥሬ ድምፅ ነው፣ ግን መሪው ሜጀር ናቸው። ፊንችሊም በዛው ፓርቲ እጅ ቀርቷል፣ በሌላ እጩ። ታቸር አልተወዳደሩም፣ በዛው ዓመት ወደ ላይኛው ምክር ቤት ገቡ፣ እዛ ደግሞ የገቡት በሹመት እንጂ በምርጫ አይደለም፣ ስለዚህ የሚሞላ ረድፍ የለም።